ጭብጨባው የተበተነበት ቦታ

ባለፈው ኅዳር አንድ ድርሰቴን ከጓደኞቼ ጋር መድረክ ላይ አቅርበን ነበር። ዘጠኝ ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ፣ ግጥም የሌለው ሙዚቃ ነው፤ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ቤዝ፣ ድራም፣ እኔ ደግሞ ኪቦርድ። አዳራሹ ትንሽ ቢሆንም ሞልቶ ነበር። ሙዚቃው የሚጀምረው በችክችካ ነው። ክራሩ ዜማውን ለሁለተኛ ጊዜ ሲመልሰው ከኋላ አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፤ አጠገቡ ያለው ተቀበለው፤ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ አዳራሹ በሙሉ አብሮን ይመታ ነበር። መድረክ ላይ ላለ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ደስታ አላውቅም። አብሮህ የሚያጨበጭብ ሰው አምኖሃል፤ የሚቀጥለው ምት የት እንደሚያርፍ አውቆ እጁን አስቀድሞ አንስቷል።

አራተኛው ደቂቃ ላይ ታይሙን፣ ማለትም የምቱን አቆጣጠር ቀይረን፣ ከ6/8 ወደ 4/4 የምንሻገርበት ቦታ አለ። እኛ ተሻገርን፤ ጭብጨባው ቀረ። ግማሹ ሰው በፊተኛው ምት ጥቂት ገፋ፣ አንዳንዱ አዲሱን ልያዝ ብሎ ሳተው፣ ሌላው እጁን ጭኑ ላይ አሳረፈ። አራት ሜዠር፣ ማለትም አራት የምት ዙር እንኳን አልፈጀም። ከመድረክ ስንወርድ ሰው «ግሩም ነበር» እያለ ይጨብጠኛል፤ እኔ ጆሮ ላይ የቀረው ግን ያ የተበታተነ የእጅ ድምፅ ነው። አምኖኝ የመጣን ሰው እጁን ይዤ ወንዝ አስገብቼ፣ መሐል ላይ የለቀቅሁት መሰለኝ።

ከዚያ ምሽት በኋላ ወራት ሙሉ ከአእምሮዬ ያልወጣው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሙዚቃ መሐል ላይ ታይሙን ሲቀይር አድማጩ ሳይወድቅ አብሮ የሚሻገረው በምን ተይዞ ነው?

ሙዚቀኛ ላልሆነ አንባቢ ነገሩን በእጅ ላሳየው። ጠረጴዛ ላይ ስድስት ጊዜ እኩል እኩል ምቱ፣ አታፍጥኑ። አሁን አንደኛውንና አራተኛውን ጠንከር አድርጓቸው፤ ታ ከከ፣ ታ ከከ። ይህ 6/8 ነው። የችክችካ አጥንቱ ይኸው ነው፤ ጥቂት ብትደጋግሙት ትከሻችሁ ሳታዝዙት ይነቃነቃል። ፍጥነቱን ሳትነኩ ደግሞ አንደኛውን፣ ሦስተኛውንና አምስተኛውን አጠንክሩ፤ ታ ከ፣ ታ ከ፣ ታ ከ። የሙዚቃ መጽሐፍ ይህን 3/4 ይለዋል። ምቶቹ ያው ስድስቱ ናቸው፤ አንድም አልጨመርንም፣ አንድም አልቀነስንም። ማን ከማን ጋር እንደተቧደነ ብቻ ነው የተለወጠው። እኛ ልምምድ ላይ ስንነጋገር እነዚያን ትንንሽ እኩል ምቶች «ታናሽ»፣ እግር የሚረግጠውን ጠንካራውን ምት «ታላቅ» እንላቸዋለን። እዚህም እንደዚያው ልቀጥል።

አሁን ጥፋቴን መናገር እችላለሁ። ችክችካው በደቂቃ 80 ታላቅ ምት ነበረው። እያንዳንዱ ታላቅ ሦስት ታናሽ ስለሚይዝ ታናሹ 240 ይመጣል። የ4/4ውን ክፍል የጻፍኩት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ያን ቀን ደስ ያለኝ ፍጥነት 100 ነበር። 4/4 በአንድ ሜዠር አራት ታላቅ አለው፤ እዚህ ታላቁ ሁለት ታናሽ ስለሚይዝ ታናሹ 200 ማለት ነው። ስለዚህ መሻገሪያው ላይ ታላቁ ከ80 ወደ 100 ይፈጥናል፣ ታናሹ ከ240 ወደ 200 ይዘገያል። ሁለቱ ክፍሎች የሚጋሩት አንድም ምት የላቸውም። ኮምፒውተር ላይ አገጣጥሜ ሃምሳ ጊዜ ስሰማው ችግሩ አልታየኝም፤ የት እንደሚቀየር አውቀዋለሁና ሰውነቴ ቀድሞ ይዘጋጅ ነበር።

ድራመራችን ግን ገብቶት ነበር። ወጣት ነው፣ ብዙም አይናገርም። ሁለተኛው ልምምድ ላይ ስቲኮቹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ስንደርስ ምን ይዤ ልሻገር?» አለኝ። «ክሊኩን ተከተል» አልኩት። ጆሮው ውስጥ የሚቆጥርለት ክሊክ አለ፤ አዲሱን ፍጥነት በሰዓቱ ይነግረዋል። ተከተለ፤ በዚያ ምሽትም አንድ ምት አልሳተም። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ጆሮ ላይ ግን ክሊክ የለም። ልጁ የጠየቀኝ የእነሱን ጥያቄ ነበር፤ እኔ አልሰማሁትም።

መልሱን ስፈልግ ሐሳቤ ወደ ልጅነቴ ሄደ። ያደግሁት ጎንደር አካባቢ ነው። አጎቴ መሪጌታ ነበሩ፤ በዓል በሆነ ሌሊት ማኅሌት ይዘውኝ ይሄዱ ነበር። ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ግድግዳ ተደግፌ፣ በጋቢ ተጠቅልዬ እቀመጣለሁ። የሌሊቱን እኩሌታ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ የምነቃው ግን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው።

አገልግሎቱን ያላየ ካለ፣ ዜማው እየተመላለሰ መልኩን ይቀይራል። መጀመሪያ በቁም ይባላል፤ ከበሮ የለ፣ ጸናጽል የለ፣ ድምፅ ብቻ። ከዚያ ዝማሜ ነው፤ መቋሚያው ወዲያና ወዲህ ይዘማል፣ ምቱ በዓይን ይታያል እንጂ ገና አይሰማም። ከዚያ መረግድ፤ ጸናጽሉ ይነሳል፣ ከበሮው ረጋ ብሎ ይገባል። ኋላ ጽፋት ይመጣል፤ ጭብጨባው፣ ሽብሸባው፣ የሴቶቹ እልልታ። በቁም ሲባል ሰምቶ ወጥቶ በጽፋቱ የተመለሰ ሰው ሌላ ዜማ የተጀመረ ይመስለዋል። ውስጥ የቆመው ግን «እዚህ ጋ ተቀየረ» ብሎ ጣቱን የሚያሳርፍበት ቦታ አያገኝም።

አንዱን ሌሊት ከበሮ መቺውን ብቻ እያየሁ አነጋሁ። ዐሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከበሮው መሬት ላይ ጋደም ብሏል። ቀኝ መዳፉ ትልቁን ፊት ይመታል፤ በሁለቱ ምት መሐል ሰው ረጅም ትንፋሽ ስቦ የሚመልስበት ጊዜ አለ። ግራ እጁ ግን ዝም አላለም። በጣቶቹ ጫፍ ትንሹን ፊት ይነካካዋል፤ እንደኔ እግሩ ሥር ካልተቀመጡ የማይሰማ፣ ቆዳ ላይ ጥራጥሬ እንደማፍሰስ ያለ ድምፅ። ቆይቶ ንክኪው እየጎላ ምት ሆነ። ከዚያ ተነሳ፤ ማንገቻውን አንገቱ ላይ ሲያጠልቅ እጁ ለቅጽበት ከከበሮው ቢለይ ጸናጽሎቹ ምቱን ያዙለት፤ ሲመለስ ቀኝ እጁ በግራው ፍጥነት ይመታ ጀመር። ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። እኔ ግን አልገረመኝም፤ ያ ፍጥነት ከግራ እጁ ጣቶች ሥር ስሰማው የቆየሁት ነው።

ጠዋት ወደ ቤት ስንመለስ አጎቴን «መቼ መፍጠን እንዳለበት በምን ያውቃል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አይፈጥንም ልጄ፣ ይሞቃል» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። የቤተ ክርስቲያኑ የዜማ መጽሐፍ፣ ድጓው ላይ ከፊደሉ በላይ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት የሚባሉ ምልክቶች አሉ፤ ድምፁ እንዴት እንደሚሄድ ይናገራሉ። ሊቃውንቱ የምልክቱን ሥርዐት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን ከነበሩት ከአዛዥ ጌራና ከአዛዥ ራጉኤል ጋር ያያይዙታል። ከምልክቶቹ መሐል ግን 6/8 ወይም 4/4 የሚል ነገር የለም። ምቱ ያለው ዝማሜውንና ከበሮውን በሚያስተምረው አቋቋም ቤት ነው፤ ከመምህር እጅ ወደ ተማሪ እጅ፣ ዓመታት ፈጅቶ ይተላለፋል። እኔ አቋቋም ቤት አልገባሁም፤ ኖታ ነው የተማርኩት፤ ኖታ ላይ ታይም መቀየር ሁለት ቁጥር ጽፎ ማለፍ ስለሆነ እጅግ ቀላል ነገር መስሎኝ ኖሯል።

ኖታ ጽፈው የኖሩትም ቢሆኑ ይህንኑ ነገር በሌላ መንገድ ሲፈልጉት ኖረዋል። ሩሲያ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ ስትራቪንስኪ እ.ኤ.አ. በ1920 ለፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ለዴቡሲ መታሰቢያ የጻፈው የትንፋሽ መሣሪያዎች ሥራ አለ፤ ክፍሎቹ በድንገት ይቋረጣሉ፣ ሌላው ይተካል፣ ደግሞ ይመለሳል። ሲሰሙት የተሰባበረ ሸክላ ይመስላል። ግን ፍጥነቶቹን ተመልከቱ፤ 72፣ 108፣ 144። 108 የ72 አንድ ተኩል ነው፣ 144 እጥፉ ነው። 72ን በሦስት ታናሽ ብትከፍሉት 216 ይሆናል፤ እነዚያኑ 216 ታናሾች ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ብታቧድኗቸው 108 ታላቅ ታገኛላችሁ። ስብርባሪው ሁሉ ከአንድ ገንቦ የወጣ ነው። ግሪኮች ይህን የአንድ ተኩል ዝምድና ሄሚዮላ ይሉታል፤ ትርጉሙም ያው አንድ ተኩል ነው።

አሜሪካዊው ኤልየት ካርተር ደግሞ ነገሩን ሙያ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1948 በጻፈው የቼሎና የፒያኖ ሶናታ መጀመሪያ ላይ ፒያኖው እንደ ሰዓት ይቆጥራል፣ ቼሎው በላዩ እንደፈለገ ይዘረጋል። ሥራው እየገፋ ሲሄድ ፍጥነቱ ደጋግሞ ይቀየራል፤ በፊተኛው ፍጥነት ውስጥ ክፋይ ሆኖ የነበረው ምት ለሚቀጥለው ፍጥነት መቁጠሪያ ይሆናል። ሜትሪክ ሞጁሌሽን የሚባለው ዘዴ ይህ ነው። ስለዚህ ዘዴ ሳነብ የታየኝ የከበሮ መቺው ግራ እጅ ነበር።

ከሁሉም ይበልጥ ለኔ ችግር የቀረበው ግን የጃዝ ፒያኒስቱ የዴቭ ብሩቤክ መንገድ ነው። ብሩቤክ እ.ኤ.አ. በ1958 ከቡድኑ ጋር ሲዞር ቱርክ ደርሶ ነበር፤ ኢስታንቡል ውስጥ የመንገድ ሙዚቀኞች ሲጫወቱ የሰማውን ምት ይዞ ተመለሰ። በዓመቱ በቀረጸው ሥራ ላይ ዘጠኙን ታናሽ ሦስት ሜዠር ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት እያደረገ ያቧድናል፣ አራተኛውን ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት ያደርገዋል። ከዚያ ወደ ተራው የጃዝ 4/4 መሻገር አለበት። እንዴት ተሻገረ? አንድ ጊዜ ዘሎ አልገባም። ሁለት ሜዠር 4/4 ያቀምስሃል፣ ወደ ዘጠኙ ታናሽ፣ ወደ 9/8 ይመልስሃል፣ ደግሞ ሁለት ያቀምስሃል፣ ይመልስሃል። በመጨረሻ 4/4 ውስጥ ሲቀር ቤቱን አውቀኸዋል። ለእንግዳ ቤት እንደማሳየት ነው፤ አስገብተህ፣ አስወጥተህ፣ ከዚያ «ግባ ተቀመጥ» ማለት።

መሐል ላይ አንድ ነገር ልበል። ታይም መቀያየርን ችሎታ ማሳያ የሚያደርጉ ሥራዎች አሉ፤ በ7 ይጀምራሉ፣ ወደ 11 ይዘላሉ፣ ወደ 5 ይመለሳሉ፣ አድማጩ እያቃሰተ ሲቆጥር ተጫዋቾቹ ይተያያሉ። እኔ እነዚህን አልወድም። ለአድማጭ «ከባድ» የሚባል ቁጥር የለም፤ ሰውነቱ ያላደገበት ምት ነው ያለው። ብዙ ሙዚቀኞች በ5/8 የሚጽፉትን የትግርኛ ጓይላ ሰርግ ላይ የሚጨፍሩ እናቶች አምስት ብለው አይቆጥሩትም፤ እግራቸው ያውቀዋል። በ5 የጻፈ ሰው ጀግና አይደለም። ሰውን ከማያውቀው ምት ጋር ሳያሳፍር ያስተዋወቀ ግን ትልቅ ሥራ ሠርቷል።

ወደ መሻገሪያዬ ልመለስ። ያሉኝ መንገዶች ሁለት ነበሩ። አንዱ ታላቁን ይዞ ታናሹን መቀየር ነው፤ እግር በ80 ይቀጥላል፣ በውስጡ ያለው ሦስት ክፋይ ሁለት ይሆናል። ሞከርነው፤ ምቱ ተቀጣጥሏል፣ ሙዚቃው ግን ወዲያው እንደ ከባድ ጋሪ ጎተተ። ሌላው ታናሹን ይዞ ታላቁን መቀየር ነው፤ 240ው ይቀጥላል፣ ሦስት ሦስት የነበረው ሁለት ሁለት ይቧደናል፣ እግር ከ80 ወደ 120 ይነሳል። ይህ የስትራቪንስኪ አንድ ተኩል ነው። የወደድኩትን 100 መተው ነበረብኝ። መጀመሪያ ቅር አለኝ፤ የኪቦርዱን ዜማ እንደ አዲስ ጻፍኩት፣ ግማሹን ኖታ አወጣሁለት።

ከዚያ አንድ ማታ ወረቀት ላይ ስቆጥር ያላሰብኩት ነገር ወጣ። አንድ ሜዠር የችክችካ ስድስት ታናሽ አለው፤ አራት ሜዠር 24 ነው። አንድ ሜዠር የ4/4 ስምንት ታናሽ አለው፤ ሦስት ሜዠር 24 ነው። አራት ዙር ችክችካና ሦስት ዙር 4/4 እኩል ናቸው! ክራሩ አራት ጊዜ ሲዞር ቤዙ ሦስት ጊዜ ቢዞር አብረው ጀምረው አብረው ያበቃሉ። የመሻገሪያው ድንጋይ እዚያው የራሴ ሙዚቃ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

በማግስቱ ቤዝ ተጫዋቻችን ከመሻገሪያው አራት ሜዠር በፊት አዲሱን፣ የ4/4ውን መስመር እንዲጀምር አደረግን፤ ቀስ ብሎ፣ ከክራሩ ሥር። ድራመሩ ቀኝ እጁን ሃይሃት በሚባለው ጥንድ ሲምባል ላይ አድርጎ ታናሹን ሳያቋርጥ ይቆጥራል፤ እግሩ ገና ከክራሩ ጋር ነው። ለጥቂት ሰከንድ ሁለቱም ታይም አብረው አሉ፤ ክራሩ ሦስት ሦስት ይላል፣ ቤዙ ሁለት ሁለት ይላል፣ ሃይሃቱ ለሁለቱም ያበድራል። ማሲንቆው አንድ ረጅም ድምፅ ይዞ፣ ደጋኑን ሳያነሳ ከዚህኛው ወደዚያኛው ይሻገራል። ዙሩ ሲገጥም የድራመሩ እግር ክራሩን ትቶ ከቤዙ ጋር ይገባል። አለቀ። የተለወጠው አንድ እግር ነው።

መጀመሪያ ስንጫወተው ማንም አልተናገረም። ድራመሩ ብቻ ፈገግ ብሎ «አሁን የምይዘው አገኘሁ» አለ። ክሊኩን ከጆሮው አውጥቶ ኪሱ ከተተው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ሙዚቃ በክሊክ አልተጫወትነውም። ክሊክ ለስቱዲዮ ይጠቅማል፤ እዚህ ግን ያለእሱ ጥቂት ስንሞቅም ስንረግብም አብረን ነው።

ሚያዝያ ላይ እንደገና አቀረብነው። እንደበፊቱ ችክችካው ላይ ጭብጨባ ተነሳ። መሻገሪያው ሲቀርብ ፊት ረድፍ ላይ የተቀመጡ ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ላይ ዓይኔን ተከልኩ። ቤዙ ሲገባ አንገታቸው በክራሩ፣ እጃቸው በክራሩ ነበር፤ ሁለት ሜዠር ካለፈ በኋላ አንገታቸው ወደ ቤዙ አጋደለ፣ እጃቸው እዚያው ነው። ዙሩ ሲገጥም መዳፋቸው አየር ላይ ለአንዲት ታናሽ ምት ያህል ቆየ፤ ከዚያ ከአዲሱ እግር ጋር ወረደ። ከኋላቸው ያለው አዳራሽም ወረደ። ኪቦርዱ ላይ ሁለት ኖታ ስቻለሁ፤ አላዘንኩም።

አሁን የቀረኝ መመለሻው ነው። ሙዚቃው የሚያበቃው በጀመረበት ችክችካ ነው፤ በወረቀት ላይ ያው መንገድ ተገልብጦ መሥራት ነበረበት። አልሠራም። ከ80 ወደ 120 የወጣ ሰውነት ተመልሶ ወደ 80 ሲወርድ፣ ታናሹ ሳይነካ እንኳን የወደቀ ያህል ይሰማዋል። የአጎቴ ቃል ትክክል ነው፤ የሞቀ ነገር በሂሳብ አይበርድም። ታላቁን በ120 ይዘን ታናሹን ወደ 360 ብናወጣው ችክችካው ይነዳል፣ የክራር ተጫዋቹ ጣት ግን አይደርስበትም፤ ቢደርስም ያ ዜማ እንዲያ ሊሮጥ አልተፈጠረም።

ትናንት ማታ ሌላ ሐሳብ አነሳን። 4/4ው ጫፍ ላይ ሲደርስ ሁላችንም እንቁም፤ ማሲንቆው ብቻውን ይቅር፣ አዝማሪ ምት ከመያዙ በፊት ዝም ብሎ እንደሚያንጎራጉረው፣ ሳይቆጥር፣ አዳራሹ ትንፋሹ እስኪረጋ። ከዚያ ክራሩ በ80 ይግባ። ሁሉም ተስማሙ። ድራመሩ ግን ጥቂት አሰበና «እኔ ሙሉ በሙሉ ማቆም አልችልም ጋሼ» አለኝ። «ግራ እጄ ቆዳው ላይ ይቆይ፤ በጣቴ ጫፍ ብቻ። ማንም አይሰማውም።»

ስለ ከበሮ መቺው ነግሬው አላውቅም። ሐሙስ ልምምድ አለን፤ እንሞክረዋለን።